በድምፅ ብልጫ የቆመው ቅያስ

ጋሽ ነጋሲ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የስምሪት ኃላፊ ሆነው ሲሠሩ «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው» ያለ ሹፌር አምነው አያውቁም። የዘገየ ሹፌር ጠረጴዛቸው ፊት ቆሞ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ሰልፍ፣ ስለ ተገለበጠ ጭነት መኪና ሲተርክ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በጸጥታ ያዳምጡና መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ብቻ ይላሉ።

«በጽሑፍ አምጣ።»

ጎርፍ በጽሑፍ አይመጣምና ሹፌሩ ጥፋተኛ ሆኖ ይወጣል። ከጋራዡ እስከ ጥበቃው ድረስ የሚጠሩበት የጓዳ ስም «በጽሑፍ» ነበር። ያውቁ ነበር፤ አልከፋቸውም።

ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ግን መንገድ በእውነት ተዘጋ፤ ያውም የራሳቸው። ተወልደው ያደጉበት የካዛንቺስ ቅያስ ከነቤቱ፣ ከነአጥሩ፣ ከነበርበሬ ወፍጮው እንዲነሣ ተወሰነ። የማፍረሻው ማሽን መጥቶ በራቸው ላይ ሲቆም ጋሽ ነጋሲ ወጥተው ደብዳቤ ጠየቁ። ደብዳቤ ነበረ። ቁጥርና ቀን ነበረው፤ ማህተሙም በትክክል ፊርማው ላይ አርፏል። አንብበው መለሱና ዕቃቸውን ማሰር ጀመሩ። በጽሑፍ ለመጣ ነገር ምን መልስ አላቸው?

ላንቻ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም፣ አንዲት እህታቸውም ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሰው ከንፈሩን ሲመጥላቸው «እድር አለኝ» ይላሉ፤ ሌላው «ሦስት ወንድ ልጆች አሉኝ» በሚልበት ድምፅ። ለመኖር ብዙ ሰው እንደማያስፈልግ ኖረው አይተውታል። ለመቀበር ግን ሰው ያስፈልጋል፤ የሚሸከም፣ ድንኳን የሚተክል፣ ቆሞ «ምን ነካቸው?» ብሎ የሚጠይቅ። ያ ሰው ደግሞ አርባ ሦስት አባወራ ሆኖ በእድሩ መዝገብ ላይ ተጽፏል። አንድ ቀን ለእሳቸውም ይመጣል። ከዚህ ሌላ የሚጠብቁት ነገር አልነበረም።

ችግሩ አርባ ሦስቱ መበተናቸው ነው። ግማሹ ገላን ጉራ፣ ጥቂቱ የካ አባዶ፣ ሌላው ቦሌ አራብሳ፣ አንዳንዱም ዘመድ ጋ ተጠግቶ የት እንዳለ እንኳ በቅጡ አይታወቅም። አንድ ሰው ሲሞት የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ የጫነው አይሱዙ ለቅሶ ቤቱን ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ይውላል። «ኮንዶሚኒየሙ ጋ ስትደርሱ ደውሉ» ይባላሉ። ኮንዶሚኒየሙ ሁለት መቶ ሕንጻ ነው፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው ደግሞ እያለቀሰ ነው።

በመጀመሪያው ለቅሶ ለቀብሩ የተጫነው ድንኳን የደረሰው ለሰልስቱ ነበር። በሁለተኛው በሰዓቱ ደረሱ፤ ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚ ደረደሩ፣ ሴቶቹም ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። የእነሱ ሟች እናት ነበሩ። ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ባለ ሪዝ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። ቤተሰቡ «እግዜር ይስጥልን፣ ከየት ነው የምታውቁት?» ብሎ ጠየቀ። በሰው ለቅሶ መሀል ድንኳን ነቅሎ መሄድ ነውር ስለሆነ እስከ ማታ አብረው ተቀመጡ፤ የራሳቸው ሟች ያለ እነሱ ተቀበሩ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረክርስቶስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ሲናገሩ አሁንም ጠመኔ የያዙ ይመስላሉ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ቆሙና ቃለ ጉባኤ አጻፉ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሟች ቀርተው ከተገኙ እድሩ ይፈርሳል። እያንዳንዱም በየሰፈሩ ያለ እድር ይገባል።

ጋሽ ነጋሲ ይህን ሲሰሙ ላንቻ የሚገቡበትን እድር በሐሳባቸው አዩ። ስማቸውን የማያውቅ ዳኛ «የሞተው ያ አጭሩ ሰውዬ ነው ወይስ ረጅሙ?» ሲል ተሰማቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ስምሪቱን ለእኔ ስጡኝ» አሉ።

ሰጧቸው።

ላንቻ በተከራዩበት ግቢ ሩሐማ የምትባል ልጅ ትኖራለች፤ ደምበል አካባቢ ባለ ቢሮ ሶፍትዌር ትሠራለች። ጋሽ ነጋሲ ችግራቸውን አጫወቷት።

«ማለቴ ጋሼ፣ ስልክ ላይ ያለው ካርታ ለምን አይበቃዎትም?»

«የማን ነው?»

«የካምፓኒ ነዋ።»

«ካምፓኒው እድራችንን ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም።»

«ታዲያ በማን ትእዛዝ ነው ሰው የሚያሰማራ?»

ሩሐማ ሳቀች፤ ግን ጥያቄው ከአእምሮዋ አልወጣም። በሳምንቱ ቅዳሜ ቢሮዋ የጣለውን ኮምፒውተር በላዳ ጭና መጣች። በጎ ፈቃደኞች የሳሉት ነጻ ካርታ እንዳለ፣ በዚያ ካርታ ላይ ከዚህ እዚያ የሚያደርሰውን አጭር መንገድ የሚያሰላ ፕሮግራምም እንዳለ፣ ሁለቱንም የማንም ሎሌ ሳይሆኑ በራሳቸው ማሽን ላይ ማሠራት እንደሚችሉ ነገረቻቸው። ፕሮግራሙ ኮንቴነር በሚባል ነገር ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

«በቃ እንደ ምሳ ዕቃ ያስቡት» አለቻቸው። «ፕሮግራሙ ከነሚያስፈልገው ሁሉ ተከድኖ ይመጣል። ከተበላሸ ይጥሉታል፣ ሌላ ይከፍታሉ። ካርታው ግን ውስጡ አይደለም፤ ውጭ ፎልደር ውስጥ ነው።»

«ሹፌሩ ቢባረርም መዝገቡ ቢሮ ይቀራል።»

«ልክ እንደዛ።»

ጋሽ ነጋሲ ወዲያው ወደዱት። መጀመሪያ የመላ ኢትዮጵያን ካርታ እንዲፈጭ ሰጡት፤ ማሽኑ ሦስት ጊዜ ማህደረ ትውስታው አልቆበት ሞተ። ሩሐማ አዲስ አበባን ብቻ ቆርጣ አወጣችላቸው። «ከሞያሌ ማን ይሞትብናል» ብለው ተስማሙ። ትእዛዛቱን አንድ በአንድ በደብተር ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ሲነሣ»፣ «ሲቆም»፣ «ሲያምጽ» የሚል ማብራሪያ አኖሩ። ኮንቴነሩ በተነሣና በቆመ ቁጥር ሰዓቱን ይመዘግባሉ፤ ከስሩ ይፈርማሉ። መብራት ሲጠፋ እንዳይሞት ሩሐማ መጠኑ ጠርሙስ የሚያክል፣ ክብደቱ ግን የወፍጮ ድንጋይ የሆነ ባትሪ ገጠመችለት።

ቀጥሎም የእድርተኛውን ስምና ቤት በሰንጠረዥ አስገቡ። ሰው ሲሞት በእድሩ ቴሌግራም ላይ አንድ ሊንክ ይለቀቃል። ሊንኩን የከፈተ ሁሉ ካለበት ተነሥቶ እስከ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ስልኩ «ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ» እያለ ይመራዋል።

ነገር የመጣው ካርታውን ለጉባኤው ያሳዩ ቀን ነው።

ስብሰባው ሜክሲኮ አጠገብ ባለ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ሩሐማ አዲሱን ካርታ ግድግዳው ላይ በትልቁ አበራችው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የፈለገው የድሮ ቤቱን ነው። ካዛንቺስ መሀል ላይ ግን አንድ መስመር የሌለበት ነጭ ሜዳ አለ።

«ይሄ ባዶ ቦታ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ገብረክርስቶስ።

«እኛ ነን» አሉ ጋሽ ነጋሲ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ «ማን ፈቅዶለት ነው የሰረዘን?» አለ፤ ሌላው «መንግሥት ያፍርስ፣ እሺ። እድራችን ደግሞ ያፍርሰን?» አለ። ሩሐማ በትሕትና ያምናውን ካርታ ማውረድ እንደሚቻል ተናገረች፤ በዚያኛው ቅያሱ ከነጉብጠቱ አለ። ወጣት ስለሆነች ምን እያለች እንደሆነ አላወቀችም።

አቶ ገብረክርስቶስ ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። የቅያሱ መኖር በአርባ አንድ ድጋፍ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በሁለት ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት ሁለቱ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ዳር ስለነበር ቅያሱ አይነካቸውም። ሁለተኛ ውሳኔም ታከለበት። የማንም አባል ቤት ከካርታው ላይ የሚነሣው ባለቤቱ ራሱ የአዲሱን ወረዳ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ሲፈርም ብቻ ነው። ስምሪት ኃላፊው ከዚህ ውጭ አንዲት ነጥብ ቢያንቀሳቅስ በእድሩ ደንብ ይጠየቃል። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፣ ተፈረመ፣ ማህተም ተመታበት።

መጀመሪያ ደብዳቤ ያመጡት ጋሽ ነጋሲ ራሳቸው ናቸው። ቤታቸውን ከካዛንቺስ ነቅለው ላንቻ አኖሩት። እያደር ሌሎች አሥራ ስምንት ሰዎች ተከተሉ። ወይዘሮ ጀማነሽ ግን እምቢ አሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ የቅያሱ ነባር ናቸው፤ አሁን ልዩ ከምትባለው ልጃቸው ጋ የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቤቴን ያፈረሰው ማሽን ነው» አሉ በስልክ። «እኔ በእጄ አላፈርስም።»

«እማማ፣ ፊርማ ነው እኮ።»

«ማሽኑም የመጣው በፊርማ ነው፣ ልጄ።»

ጋሽ ነጋሲ ደብተሩ ላይ ከስማቸው ጎን «አልፈረሙም» ብለው ጻፉ።

የድንኳኑን አይሱዙ የሚነዳው ሳላሀዲን ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ልብስ ይሰፉ የነበሩ፣ እሱ ራሱ የእድሩ አባል። በሁለቱም ጥፋት መሪውን የያዘው እሱ ስለነበር ጋሽ ነጋሲ ካርታው በጸደቀ ማግስት ጠርተው አንድ ወረቀት አስፈርመውታል። «ካርታው ካዘዘኝ መንገድ ውጭ በራሴ ግምት፣ በሰው ምክርም ሆነ በቃል ትእዛዝ አልነዳም።» ሳላሀዲን ፈርሞ ኮፒውን ፊት መስታወቱ ላይ ከአላህ ስም ሥር ለጠፈው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጋሽ ነጋሲ ስልክ ጮኸ። የወይዘሮ ጀማነሽ ልጅ ልዩ ናት። እናቷ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብር ስድስት ሰዓት ቂርቆስ ነው።

ጋሽ ነጋሲ ፊታቸውን ታጥበው ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። «ወይዘሮ ጀማነሽ» ብለው ጻፉ። ማሽኑ ሳያመነታ መለሰ። ከላንቻ እስከ ወይዘሮ ጀማነሽ ቤት ዘጠኝ ደቂቃ። የካ አባዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ሰማያዊው መስመር ግን ካዛንቺስ ገብቶ፣ በሌለው ወፍጮ ቤት ታጥፎ፣ በሌለው ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ለአቶ ገብረክርስቶስ ደወሉ።

«የሟቿን አድራሻ ላስተካክል ፍቀዱልኝ።»

«የቤቱ ባለቤት ፈርመዋል?»

«ሞተዋል እኮ።»

«ደንቡ ስለ ሞተ ሰው አይልም። ምልዓተ ጉባኤ ይጠራ ካልክ ደግሞ አሥር ቀን ቀደም ብሎ ማሳወቅ ነው።» በለሰለሰ ድምፅ ቀጠሉ። «ነጋሲ፣ ራስህን አታስጨንቅ። ሊንኩን እኮ ለሁሉም ልኬዋለሁ። ሰው ተነሥቷል።»

«የትኛውን ሊንክ?»

«ማሽንህ የሰጠኝን ነዋ።»

ጋሽ ነጋሲ ስልኩን ዘግተው ለሳላሀዲን ደወሉ። የአይሱዙው ሞተር ድምፅ ይሰማል።

«ሳላሀዲን፣ ስማኝ። ካርታውን ተወውና የካ አባዶ ንዳ።»

«እሺ ጋሼ። በጽሑፍ ይላኩልኝ።»

«አንተ፣ በቃሌ እየነገርኩህ!»

«በቃል ትእዛዝ አልነዳም ብዬ ፈርሜያለሁ። ይኸው ፊቴ ተለጥፎ አየዋለሁ።»

«እኔ አይደለሁ እንዴ ያስፈረምኩህ?»

«እሱን ነው የምልዎት። እርስዎን የሚያህል ሰው በቃል አይሽረውም ብዬ ነው፤ ድምፅዎን አስመስሎ ሌላ ሰው ቢሆንስ? ደረስኩ ጋሼ፣ ሁለት ደቂቃ ይላል።»

ጋሽ ነጋሲ በጽሑፍ ሊልኩ ስልኩን አነሡ። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ቆመ። ምን ብለው ይጻፉ? ካርታው ተሳስቷል ብለው ቢጽፉ የጉባኤውን ውሳኔ በገዛ እጃቸው መሻራቸው ነው፤ በዚያ ፊርማ እድሩ ዛሬ ባይፈርስ እሁድ በጉባኤው ይፈርሳል። በዕድሜያቸው ያላደረጉትን አደረጉ። ደብተሩን ሳያዩ፣ ሰዓት ሳይመዘግቡ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀሉት።

አልጠፋም። የሩሐማ ባትሪ አንዴ ጢጥ አለና ተረከበ። ማሽኑ እንደ ድሮው እያጉረመረመ ለሚጠይቀው ሁሉ ወደ ፈረሰው ቤት መምራቱን ቀጠለ።

ጋሽ ነጋሲ ኮታቸውን ይዘው ወጡ።

ሚኒባሱ ከላንቻ ካዛንቺስ እስኪደርስ ዕድሜ ሆነባቸው። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል «የድሮው ወፍጮ ቤት» አሉት። «እሱማ የለም አባባ» አለ። «አውቃለሁ፣ አውርደኝ» አሉ።

ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል። ለጭነት መኪና የተተወው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ ነጋሲ ሲገቡ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችና ጥቁር የለበሱ ወንዶች በቀይ አፈር መሀል ቆመው አዩ። ሃያ፣ ሠላሳ ይሆናሉ፤ ሌሎችም ስልካቸውን እያዩ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ሄደው ወደ ግራ እየታጠፉ ይመጣሉ። ማንም አቋርጦ አልመጣም። ሳላሀዲን ድንኳኑን ግማሽ አቁሞታል። ምክንያቱም በደንቡ ድንኳን የሚተከለው በሟች ደጃፍ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ያልተከለው ደግሞ ደጃፉ የት ላይ እንደነበር ክርክር ስለተነሣ ነው።

«የእሷ በር እዚህ ጋ ነው። የእኔ ሽንት ቤት እዚያ፣ ግንቡ በዚህ።»

«ሽንት ቤትህማ በእኛ መሬት ላይ አንድ ክንድ ገብቶ ነበር።»

«ገና ከዚህ ሳንወጣ ነው የምትጀምረው?»

«ዛሬማ በካርታ እናየዋለን። ነጋሲ መጣ፤ ነጋሲ፣ ና እስቲ ዳኘን።»

ጋሽ ነጋሲ አፋቸውን ከፈቱ። «ጎበዝ፣ ስሙኝ። ስህተት ነው። ሬሳው አባዶ ነው። አሁኑኑ ብንነሣ...» ሰዓታቸውን አዩ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አሁን ቢነሱም አባዶ ሲደርሱ ሬሳው ወጥቷል። ሦስተኛው ይኼው ነው።

በዚህ መሀል የቦታው ጥበቃ መጣ፤ ስሙ ዳግም ነው፣ ዱላውን ከኋላው ይዟል።

«ምንድን ነው ጉዳዩ? ድንኳን በማን ፈቃድ ነው የተተከለው?»

አቶ ገብረክርስቶስ ከኮታቸው ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። ቃለ ጉባኤው ነው። ዳግም ዱላውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ። «የቅያሱ መኖር በአርባ አንድ ድጋፍ ጸድቋል።» ወረቀቱን ገለበጠው። ማህተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ሜዳውን ቀስ ብሎ ዙሪያውን አየው።

«እኔ ዘጠኝ ወር ስጠብቅ እዚህ ቅያስ አላየሁም።»

«ወንድሜ፣ አሁን የቆምክበት ምንድን ነው?» አሉት አንዲት ሴት። «የእኔ ጓዳ ነው። ውጣልኝ።»

ዳግም እግሩን አየና ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ለአለቃው ደወለ። «አዎ... አይደለም፣ ሰልፍ አይደለም። ለቅሶ ነው። ወረቀት አላቸው... አዎ፣ ባለ ማህተም ነው። እሺ።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እስከ ስድስት ሰዓት ተፈቅዷል። ግን በወረቀቱ ያለው ቅያስ ብቻ ነው። ከቅያሱ የወጣ ሰው እንዳላይ።»

ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ቅያሱ ገባ። አርባ ምናምን ሰው ባዶ ሜዳ ላይ በቀጭን መስመር ተደረደረ። ወደ ድንኳኑ የሚሄድ፣ ከድንኳኑ የሚመለሰውን ለማሳለፍ ትከሻውን ወደ ጎን ያዞራል፤ ቅያሱ ድሮም ጠባብ ነበረ።

ልዩ በበኩሏ አባዶ እድሩን ስትጠብቅ አርፍዳለች። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ የሰፈር ሰው የለም። ጎረቤት ያዋጣው ወንበር ላይ ጥቂት ዘመድ ተቀምጧል። በአራት ሰዓት ተስፋ ቆርጣ አስከሬኑን አስጫነች። ሹፌሩ ወደ ቂርቆስ የሚያደርሰውን መንገድ ሲጠይቃት የእድሩን ሊንክ ስልኳ ላይ ከፍታ መድረሻውን ቂርቆስ አድርጋ ሰጠችው። «ከእድራችን ያገኘነው ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ እሱንስ እንጠቀምበት» አለችው።

ከመገናኛ በኩል ወደ ቂርቆስ ለሚሄድ መኪና፣ በፈረሰው ቅያስ ማቋረጥ ሁለት ደቂቃ ያተርፋል። ማሽኑ ሁለት ደቂቃ ካገኘ አይለቅም።

አምስት ሰዓት ሲሆን አስከሬን የጫነው መኪና በቆርቆሮው በር ገባ። ቀጥ ብሎ መጣ፣ በሌለው ወፍጮ ቤት ታጠፈ፣ ድንኳኑ ስር ሲደርስ መንገዱ በሰው ስለተሞላ ቆመ። ልዩ ወረደች። ድንኳኑን አየች፣ አግዳሚዎቹን አየች፣ እነዚያን ሁሉ የምታውቃቸውን ፊቶች አየች።

«እዚህ ትከሉ ያለው ማን ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

ጋሽ ነጋሲ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ስምሪቱ የእኔ ነው ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አባዶ መምጣት ነበረብን።»

ልዩ አላየቻቸውም። የምታየው ከድንኳኑ አፍ ሥር ያለውን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ ማሽኑ ረስቶት ይሁን ከብዶት አይታወቅም። የእናቷ ደረጃ ነበር።

«እማዬ ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ስድስት ወር አባዶ ተቀመጠች» አለች። «አንድ ቀን ቤቴ ብላ አታውቅም። 'ልዩ ቤት ነኝ' ነበር የምትለው።» ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አውርዷት።»

ወይዘሮ ጀማነሽን በደጃፋቸው አወረዷቸው። የዚያን ቀን የተለቀሰው ለቅሶ ዕዳ ያለበት ለቅሶ ነበር፤ ቅያሱ ሲፈርስ ዕቃ በማሰር ተጠምዶ ማንም አላለቀሰምና። ጥበቃው ዳግም ራቅ ብሎ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። አንድ ሰው ተሳስቶ ከመስመሩ ሲወጣ በዱላው ሳይሆን በእጁ ቀስ ብሎ መለሰው።

አቶ ገብረክርስቶስ መዝገብ አውጥተው ስም ጠሩ። አርባ ሦስት አባወራ። ቀሪ የለም። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ለለቅሶ ሁሉም ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ቂርቆስም ከካህናቱ ቀድመው ደረሱ፤ ቄሱ «ዛሬስ ምን ነክቷችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ።

እሁድ ጋሽ ነጋሲ በጉባኤው ፊት ቆሙ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ጥፋቱን በጽሑፍ እንዲያመጣ ሲያዙ ኖረዋልና የራሳቸውን በሁለት ገጽ ጽፈው መጡ። ማሽኑ መሳሳቱን፣ ድንኳኑ ከለቅሶ ቤቱ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ መተከሉን፣ እርማት እንዲደረግ፣ ጉባኤውም የፈለገውን እንዲወስን መጠየቃቸውን አንብበው ተቀመጡ።

«ከሟች ቀረን?» ብለው ጠየቁ አቶ ገብረክርስቶስ።

«አልቀረንም።»

«አረፈድን?»

«እንዲያውም ቀደምን።»

«የሌላ ሰው ለቅሶ ቤት ገባን?»

ጋሽ ነጋሲ አሰቡ። «የራሳቸው ቤት ነበር» አሉ።

«ታዲያ የሚታረመው ምንድን ነው?»

ጉዳዩ በኮሚቴ እንዲጠና ተወሰነ፤ ይህም ማለት ተዘጋ ማለት ነው። ስብሰባው ሲበተን ግን ሰልፍ ተሠራ። ደብዳቤ አምጥተው ከነበሩት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሥራ ስምንቱ በየተራ እየቀረቡ ቤታቸው ወደ ነበረበት እንዲመለስላቸው በጽሑፍ አመለከቱ። አንደኛው ሰው የሽንት ቤቱን አንድ ክንድም አያይዞ ጠይቆ ነበር፤ እሱ ውድቅ ተደረገ።

ማክሰኞ ጠዋት ሩሐማ ወደ ሥራ ስትወጣ የጋሽ ነጋሲ በር ክፍት ነበር። ኮንቴነሩን አቁመው፣ ሰዓቱን መዝግበው፣ አሥራ ስምንት ቤቶች ሜዳው ላይ ሠርተው እንደገና አስነሥተውታል።

«ጋሼ፣ እርስዎስ? የእርስዎ ብቻ ላንቻ ቀረ እኮ።»

«እኔማ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለስምሪት ኃላፊው።»

«እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ። አየሁት። አንድ ምስክር ይጎድለዋል፤ መልሼዋለሁ።»

ሩሐማ ቦርሳዋን አንግባ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሳላሀዲን አይሱዙውን በሩ ላይ አቁሞ ገባ። ጋሽ ነጋሲ ማመልከቻውን ዘረጉለት። ከካዛንቺስ ቤታቸው በገዛ ፈቃዳቸው መነሣታቸው ስህተት እንደነበር የሚገልጽ፣ ሲያርፉ ድንኳናቸው በዚያው በድሮው ደጃፋቸው እንዲተከል የሚጠይቅ ነው። ከታች ለምስክር የተተወ ቦታ አለ። ሳላሀዲን እስክሪብቶውን አነሣ።

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

«የምታውቀውን። መኪና ይገባል? መንገዱ ክፍት ነው?»

«ባለፈው ማክሰኞ ገብቼ ወጥቻለሁ። ክፍት ነው።»

«እንደዚያ ነዋ» አሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «በጽሑፍ።»

ሳላሀዲን ጎንበስ ብሎ ጻፈው።